ዘይቱ የሚጨምረው መኪና

ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ኻርቱም ገና ሰው ሠርቶ የሚያድርባት ከተማ ሳለች፣ እንጀራዬ መኪና መመርመር ነበር። መጠገን አላልኩም። ጠጋኞቹ ሌሎች ናቸው። እኔ ከወንዙ ሰሜን ባለው የከተማዋ ክፍል፣ ባሕሪ፣ የኢንዱስትሪው ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ወርሻ፣ ማለት ጋራዥ፣ ግቢ ከኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ገመድ ይዤ መኪናው ምን እንደታመመ እናገር ነበር። ሱዳኖቹ «ባሽ ሙሃንዲስ»፣ ዋና ኢንጂነር፣ ይሉኛል። ማዕረጉን የሰጡኝ ኮምፒውተሩን አይተው እንጂ ወረቀቴን አይተው አይደለም። ወረቀቴማ የሚለው ስደተኛ መሆኔን ብቻ ነው።

አግዳሚውም ኮምፒውተሩም የታላቅ ወንድሜ ነበሩ። እኔ ከወንዙ ማዶ አርካዊት ሰፈር ውስጥ ሞባይል እጠግን ነበር። እሱ በወባ ሲሞትብኝ ዕቃውን የሚረከብ ሌላ ሰው ስላልነበረ ድልድዩን ተሻግሬ ባሕሪ ገባሁ። ወንድሜ ሞተር የሚመረምረው በጆሮው ነበር፤ ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ደንበኛው እንዲያምነው ያህል ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ጆሮዬን አላምንም። ያገኘሁትን መጽሐፍና ቪዲዮ ሁሉ ሳልመርጥ ዋጥኩና በጥቂት ወራት ውስጥ ከግቢው ሰው ሁሉ በላይ አዋቂ አድርጌ ራሴን ሾምኩ። ሿሚውም ተሿሚውም እኔ ስለነበርኩ የተቃወመኝ አልነበረም።

በተለይ አንድ ነገር ያናድደኝ ነበር። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አርጅተው የሚመጡ አንዳንድ የናፍታ መኪኖች የጭስ ማውጫቸው ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ጥላሸቱን ይይዛል፤ ሲሞላ ሞተሩ ትርፍ ናፍታ እየረጨ ያግለውና ጥላሸቱ ተቃጥሎ ያልቃል። ለዚህ ግን መኪናው ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ሳይቆም መሮጥ አለበት። ኻርቱም መሐል ማን ይሮጣል? ማጣሪያው ይደፈናል፣ ቢጫ መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ባለመኪናው ወርሻ ይመጣል። የወርሻው ባለቤት፣ ከራሱ ቀድሞ ቦርጩ የሚደርስ ሱዳናዊ ሽማግሌ፣ ለዚህ ሁሉ አንድ መድኃኒት ነበረው። «ሺሉ ያ ዙል!» ይላል፤ አውጣው በቃ! ማጣሪያው ይፈታል፣ በግራይንደር ይሰነጠቃል፣ የሆድ ዕቃው ይራገፋል፣ ባዶው ቆርቆሮ ተበይዶ ይመለሳል። ከውጭ ላየው ሰው ማጣሪያ ነው። እኔ ይህን፣ ራሱን ያመመውን ሰው አንገቱን መቁረጥ ነው እያልኩ አላግጥ ነበር። ማጣሪያ በራሱ አይታመምም፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቆረጥ ነገር የለም እያልኩ እሰብካለሁ። ሽማግሌው ስብከቴን ሻዩን እየጠጣ ይሰማና ወደ ግራይንደሩ ይመለሳል።

ጋሼ የመጡት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። አገር ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር፤ ኻርቱም ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የወንድሜም የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ሳይከቱ ታይተው አያውቁም። የሚነዱት አሮጌ የኮሪያ ሚኒባስ ነው። ሥራቸው ተርሒል ነው፤ ጠዋት ባሕሪ ውስጥ ቤት ለቤት ተማሪ ሰብስበው፣ በድልድዩ አሻግረው፣ ሪያድ የሚባለው የኻርቱም ሰፈር ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ያደርሳሉ፣ ከቀትር በኋላ ይመልሳሉ። ከተማሪዎቹ አንዷ የራሳቸው ልጅ ናት፣ ስምንተኛ ክፍል። አባቷ እስከነዱ ድረስ ትምህርት ቤቱ እሷን በነጻ ያስተምራል። ውላቸው ይኸው ነበር።

መኪናው በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ድልድዩ ላይ ጉልበት አጥቶ ቆሟል። ሙዲራዋ፣ ማለት የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፣ ጠርታ «ሦስተኛ ጊዜ ከቆመ ሌላ ሾፌር አለኝ» ብላቸዋለች። ሌላ ሾፌር ከመጣ ልጅቷ ትወጣለች። በክፍያ የሚያስተምሩበት አቅም አልነበራቸውም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ የቀረው ሦስት ወር ነው።

«አይቁም ብቻ» አሉኝ። «ይጭስ፣ ይጩህ፣ ግድ የለኝም። ብቻ አይቁም።»

ገመዱን ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ማጣሪያው በጥላሸት ጢም ብሎ ሞልቷል አለኝ። ዳሩ ግን ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የጭስ ግፊት ሳይ ልዩነቱ ከዜሮ ፈቀቅ አላለም፤ ጋሼ ነዳጅ ረግጠው ሞተሩን ሲያስጮሁትም ያው ነው። የተደፈነ ማጣሪያ ግፊት ማሳየት ነበረበት። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ይዋሻል። መጽሐፉ እንደሚለው በዚህ ጊዜ የሚመረመረው ባለመኪናው ነው።

«ጋሼ፣ ይህን ማጣሪያ ከዚህ በፊት የነካው ሰው አለ? ከፍቶ ያጠበው ወይም የሠራው?»

ጫማቸውን አዩ።

«ማን ይነካዋል?» አሉ።

ይህ መልስ አይደለም። ሞባይሉን ውሃ ውስጥ ጥሎ «ዝም ብሎ ጠፋ» የሚለኝን ደንበኛ እንዴት እንደማፋጥጠው አውቃለሁ። እሳቸውን ግን እንዴት ላፋጥጣቸው? የወንድሜን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው፤ ለቅሶ የተቀመጥኩትም እሳቸው ቤት ነው። ታላቅ ሰው አንድ ጊዜ ተጠይቆ ከመለሰ በኋላ መድገም ዋሽተዋል ማለት ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

«ዘይትስ?»

«ዘይት በየጠዋቱ አያለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጎድሎ አያውቅም። እንዲያውም ይጨምራል።»

ሳቅኩ፤ እሳቸውም ሳቁ። የእኛ ሰው ስለ ጤናውም ስለ ዱቄቱም ሲጠየቅ «ተመስገን፣ በረከት አለው» ማለት ልማዱ ስለሆነ፣ ይህንንም በዚያው ቆጠርኩት። የሞተር ዘይት እንዴት ይጨምራል ብዬ አላሰብኩም። ኮፈኑ ተከፍቶ ነበር፤ መለኪያውን ስቦ ማየት የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው። አልሳብኩትም።

ስለ አነዳዳቸው ስጠይቃቸው ግን በደስታ መለሱ። በየተማሪው በር ላይ ሞተር ያጠፋሉ። «ሰው ተኝቶ ይሆናል» አሉ። «ጃዞሊኑም እንደምታውቀው ነው።» የጃዞሊን፣ የናፍታ ማለት ነው፣ ሰልፍ ላይም ሞተር አጥፍተው መኪናውን በትከሻ እየገፉ ነው የሚጠጉት። አሥራ አራት ተማሪ፣ አሥራ አራት በር፣ አሥራ አራት ጊዜ ማጥፋት። ነገሩ ተገለጠልኝ። ማጣሪያው ራሱን ማጽዳት በጀመረ ቁጥር የጋሼ ጨዋነት ያቋርጠዋል ማለት ነው። ግፊቱ ለምን እንደማይነሳም አገኘሁ፤ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል። ሁሉም ነገር ልክክ አለልኝ። ልክክ ሲልልኝ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ መጠየቅ አቆማለሁ።

ቱቦውን ቀየርኩት። ግፊቱ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ከፍ አለ። ይበቃል አልኩ። በማግስቱ ዓርብ ትምህርት ስለሌለ ወደ ሰሜን በሚወጣው በሸንዲ መንገድ ይዘነው ወጣን። ጋሼ ይነዳሉ። እኔ ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ «እግርዎን አያንሱ፣ ማርሽ አይቀይሩ» እላለሁ። ልጃቸው ከኋላ ተቀምጣ የሳይንስ ደብተሯን ታነባለች። እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ በአረብኛ የተለወሰ ነው።

«ዓሞ፣» አለችኝ፣ እነሱ አጎት እንደሚሉት፣ «ይሄ ዱኻን ሲቃጠል ወዴት ይሄዳል?»

«ጭሱ አይደለም የሚቃጠለው፣ ጥላሸቱ ነው። ትንሽ አመድ ይሆንና እዚያው ይቀራል።»

«ቀስ በቀስ እሱም ይሞላላ?»

«ይሞላል። ያኔ አንቺ ኢንጂነር ሆነሽ ትቀይሪዋለሽ።»

አባቷ በመስታወቱ አይተዋት ፈገግ አሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ጥላሸት የለም አለ፣ ቢጫውም መብራት ጠፋ። ስንመለስ ጋሼ «እጅህ ይባረክ፣ ወንድምህን ተካኸው» አሉኝ። አሜን አልኩ። በሆዴ ግን ወንድሜን መተካት ምን ያህል ነው፣ እሱ ይህን የት አውቆት ብዬ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። የተሳፈርኩበት ረክሻ፣ ማለት ባጃጅ፣ ድልድዩ አፋፍ ላይ አወረደኝና በእግሬ ወጣሁ። መኪናው ከነተማሪዎቹ መሐል ላይ ቆሟል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል። ልጅቷ ትንንሾቹን በድልድዩ አጥር ጥግ አሰልፋ እጅ ለእጅ አያይዛቸዋለች፤ አንዱ ሲያለቅስ «ኸላስ፣ ኸላስ»፣ በቃ በቃ፣ ትለዋለች። ስደርስ አየችኝና ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች። ጋሼ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። በራሳቸው ሰላም ብለውኝ የተማሪዎቹን ቦርሳ ማውረድ ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሙዲራዋ በስልክ ያለቻቸው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ጠዋት ቢሮዬ ኑ።

መኪናውን አስጎትተን ወርሻ አስገባነው። ገመዴን ልሰካ ስል ሽማግሌው ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ጣቱን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተተና አውጥቶ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው። ከሰል መስሏል። ያኔ ነው የገባኝ። ማጣሪያው ደህና ከሆነ የጭስ ማውጫው ጫፍ ንጹሕ ነው፤ ጣት አያጠቁርም። ይህን ግራይንደር የያዘ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ጣቴን ረስቻለሁ። ሄጄ የዘይቱን መለኪያ ሳብኩት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፏል፤ ሲያሸቱት ናፍታ ናፍታ ይላል። ኮምፒውተሩ ማጣሪያ አለ ብሎ ጥላሸቱን በግምት እየቆጠረ፣ የሌለውን ነገር ለማጽዳት ሞተሩ ናፍታ ሲረጭ፣ ጋሼ በየበሩ ሲያጠፉት፣ ትርፉ ወደ ዘይቱ ሲወርድ ከርሟል። በረከት ብዬ የቆጠርኩት እሱን ነው። ትንሽ ቢቆይ ዘይቱ ቀጥኖ ሞተሩ ነክሶ ይደርቅ ነበር።

መኪናውን በክሪክ አንስተን ከሥር ገባን። ማጣሪያው ተሰንጥቆ ተመልሶ ተበይዷል፤ ብየዳው ከላይ በኩል፣ ዓይን በማያገኘው ቦታ፣ በብር ቀለም ተቀብቷል።

«ዳ ሹጉል አኹክ» አለ ሽማግሌው። ይህ የወንድምህ ሥራ ነው። በክፋት አይደለም ያለው፤ የሠሪውን እጅ ለይቶ ነው። በዚያ ግቢ ብየዳውን ቀለም የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከሥር ወጥቼ ጋሼን አየኋቸው። አሁንም ጫማቸውን እያዩ ነው።

«ያውቁ ነበር?»

«ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አዲስ ማጣሪያ ብንፈልግ ብንፈልግ ታጣ። ‹እኔ አለሁ› አለና ሠራልኝ። መብራቱ ሲበራ እየወሰድኩለት በኮምፒውተሩ ያጠፋልኝ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የሚያጠፋው ጠፋ።»

«ታዲያ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ሙት ወቃሽ ልሁን? እሱንም ለአንተ ለወንድሙ?» ቀና አሉ። «ደግሞስ አንዴ ብቻ ነው የጠየቅከኝ።»

ተናደድኩ። መጀመሪያ የተናደድኩት በወንድሜ ነው። ሞቶ እንኳ ሥራውን ሸፍኖ ጠበቀኝ ብዬ፣ አፈር በበላው ሰው ላይ ጥርሴን ነከስኩ። ቀጥሎ በጋሼ ተናደድኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ያደገ ሰው፣ የልጁ ትምህርት ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሆድ ይፍጀው ይላል? በራሴ መናደድ ላይ የደረስኩት መጨረሻ ነው። እሳቸው ያፈሩት ለእኔ ብለው ነው፤ እኔ ሳልደግም የቀረሁት ግን ግማሹ ለእሳቸው ክብር፣ ግማሹ ደግሞ መልሱን ያገኘሁት ስለመሰለኝ ነው።

ያን ዕለት ዘይቱን አፍስሰን አዲስ ሞላን። የሚገጠም ማጣሪያ ኻርቱም ውስጥ አልነበረም፤ ከየት እንደሚመጣም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ስዘብትበት የነበረውን ነገር ራሴ አደረግኩት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቼ ይህ መኪና ማጣሪያ የለውም ብዬ ጻፍኩለት፤ ከእንግዲህ ናፍታ አይረጭም፣ ጉልበትም አይቀንስም፣ ጥላሸቱን ግን በከተማው ላይ ይለቀዋል። ወንድሜ ግማሽ የተወውን ሥራ ጨረስኩለት ማለት ነው። ሽማግሌው ሻይ አዘዘልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሪያድ፣ ሙዲራዋ ቢሮ ገባን። አብሬ ልሂድ ስላቸው ጋሼ እንቢ አላሉም፣ እሺም አላሉም። ሙዲራዋ ነጭ ቶብ የተጎናጸፈች፣ ድምጿን የማታነሣ ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ማህደር አለ፤ አንዱ የሾፌሩ፣ አንዱ የልጅቷ።

«መኪናውን ሰው አይቶታል ብለኸኝ ነበር» አለቻቸው። «ማነው ያየው?»

«ማንም አላየውም» አሉ ጋሼ። «ችላ ብዬው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ጎናቸው ተቀምጬ ሰማሁ። አረብኛቸው ቆንጆ ነበር። ትናንት ወንድሜን እንደሸፈኑት ዛሬ እኔን እየሸፈኑ ነው፤ መሸፈኛው ደግሞ የልጃቸው ወንበር ነው። ሙዲራዋ እጇን ወደ ልጅቷ ማህደር ሰደደች።

«እኔ ነኝ ያየሁት» አልኩ።

ጋሼ በአማርኛ «ተው» አሉኝ።

አልተውኩም። ደህና ነው ብዬ የሰጠኋቸው እኔ መሆኔን፣ ጣቴን ጭስ ማውጫ ውስጥ ሳልከት ዘይቱንም ሳላይ መፍረዴን ነገርኳት። ማጣሪያውን ማን እንዳራገፈው ስትጠይቀኝ ወንድሜ አልኳት። የት አለ ስትለኝ ሞቷል አልኳት። መብራቱን እያጠፋ፣ በሽታውን እንደሸፈነ እስኪሞት ድረስ እንዳስነዳቸውም ሳልነግራት አልቀረሁም። አሁን መኪናው እንደማይቆም፣ ለምን እንደማይቆምም ዘረዘርኩ።

«ሾፌሮች በየቀኑ ይዋሹኛል፣ ለምጃለሁ» አለች። «ለመዋሸት ብሎ ግን የሞተ ወንድሙን የሚከስ ሰው የለም።» የልጅቷን ማህደር አነሣችና መሳቢያ ውስጥ መለሰችው። «እስከ ፈተናው ይንዳ። በየሳምንቱ አንተ አይተኸው ፈርምበት። አንድ ቀን ቢቆም ግን ሁለታችሁም እዚህ አትምጡ።»

ከግቢው ስንወጣ የዕረፍት ደወል ተደውሎ ልጆቹ ይጮሃሉ። ጋሼ መኪናቸው በር ላይ ደርሰው ቆሙ።

«ልጄን አተረፍክልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። አስተማሪ ክፍል ውስጥ እንደሚናገረው እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ነበር ያወጡት። «ወንድምህ ግን ያን ጊዜ እጁን የዘረጋልኝ እሷን ብሎ ነው። እኔ እሱን ከስሼ መውጣት አቅቶኝ አይደለም ዝም ያልኩት። አንተ ግን እሱን ባዕድ ፊት አጋድመህ ከፈትከው።»

ልክ ናቸው ብዬ አላምንም፤ ዛሬም አላምንም። ግን አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ መጡ። እኔ ጣቴን እከታለሁ፣ የዘይቱን መለኪያ እስባለሁ፣ ገመዱን እሰካለሁ፣ ወረቀቱ ላይ እፈርማለሁ። እሳቸው ከዛፉ ማዶ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ጥላው ውስጥ ይግቡ ስላቸው «ደህና ነኝ» ይላሉ። ስለ ወንድሜም ስለ ጂኦግራፊም ዳግም አላወሩኝም። መኪናው አንድም ቀን አልቆመም።

የፈተናው ውጤት የወጣ ቀን ልጅቷ ደወለች።

«ዓሞ፣ ነጀሕተ!» አለፍኩ ማለቷ ነው፤ ከጀርባዋ የሴቶች እልልታ ይሰማል። ነጥቧን ነገረችኝ፤ በሳይንስ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታለች። ደስ አለኝ፣ በእውነት ደስ አለኝ፤ እንባዬ መጣ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል «አባቴ ሰላም ብሎሃል» አለችኝ።

እንዳላሉ ከድምጿ ታወቀኝ። «አንቺም ሰላም በይልኝ» አልኳት።